ሁለተኛው ትራክተር

ሮላንድ ትዌይት ዕድሜ ልኩን ባሕር ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ቀልድ አይደለም። እኛ ዘንድ ሽሪምፕ የሚባለው ጣት የሚያህል የባሕር እንስሳ በጀልባ አይያዝም። ውሃው ከሞርካም ባሕረ ሰላጤ ወጥቶ ሲሸሽ፣ ሰው ትራክተሩን አስነስቶ በተጋለጠው አሸዋ ላይ ሩቅ ይነዳል፤ ውሃ ባልለቀቀው ቦይ ውስጥ መረቡን ይጎትታል፤ ባሕሩ ሳይመለስ ደግሞ ነፍሱን ይዞ ይወጣል። የሮላንድ አባት ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ አለፈ፤ አያቱም እንዲሁ፣ እሱ እንኳ በፈረስና በጋሪ። ሮላንድ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ገባበት። አሁን ስልሳ ሊሞላው ምን ቀረው፤ ወገቡ ጎብጧል፣ ጣቶቹ በጨው ተሰነጣጥቀዋል፣ አንድ ጆሮው በሞተር ጩኸት ደንዝዟል።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን አይቶ አይቶ ያልጠገበው ነገር ቢኖር የውሃው መሄድ ነው። ማታ የመንደሩን ግንብ እየላሰ የነበረ ባሕር ጠዋት ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የለም። እርጥቡ አሸዋ ያበራል፤ ሰማዩ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሰው የቆመበትን ከላይ ይሁን ከታች ያጣዋል። እንዲህ ባለ ጠዋት ሮላንድ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዘመን አልፎታል፤ ቆቡን ግን ያወልቃል። ለረጅም ዓመታት አብሮት የወጣው ሽማግሌው ዊልፍ፣ «ይኸው ደግሞ ተነሳበት!» እያለ ይስቅበት ነበር።

ከውሃው ሌላ አይቶ የማይለምዳት ልጁ ናት። ብራዮኒ ትባላለች። ገና ጥርሷን ሳትቀይር አንድ ቀን ግንቡ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «አባዬ፣ ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«ወደ ባሕሩ ነዋ!»

«ባሕሩስ የት ያደርገዋል?»

ሮላንድ ያን ሁሉ ዓመት ከውሃው ጋር ሲባረር ኖሮ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። እንዴት ሳልጠይቅ ኖርኩ እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የልጅ ነገር ነው ብሎ ሊተወው ይችል ነበር፤ እሱ ግን እንደዚያ ያለ አባት አይደለም። ትንሽ ቆይታ መልሱን ራሷ አመጣችለት፤ ጨረቃን በብርቱካን፣ ምድርን በድንች ድስት ክዳን አድርጋ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሳየችው። ግማሹ አልገባውም፤ የገባው ግማሽ ግን አስደነገጠው። ያ እግሩ ሥር የሚሸሸው ውሃ በጨረቃ እየተጎተተ ነው! ከዚያ ወዲህ ጨረቃን ቀና ብሎ ሲያያት እንደ አለቃ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ደግሞ ወረቀት ሙሉ ቁጥር ሞነጫጭራ፣ «ክረምቱ ሲወጣ ትልቁ ቦይ ወደ ምሥራቅ ይዞራል» አለችው። ሳቀ። መቼም ቦዩ መዞሩ አይቀርም፤ ወዴትና መቼ እንደሚዞር ግን የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም ከዞረ በኋላ ነው የምንደርስበት። ክረምቱ ወጣ። ሮላንድ በመጀመሪያው ጠዋት ወጥቶ ቦዩን ካለችው ቦታ አገኘው። ትራክተሩ ላይ እንደተቀመጠ ጸጉሩ ቆመ። ለማንም አልናገርም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እስኪመሽ ግን ያልነገረው ሰው አልነበረም። ለውሻ ሁሉ ሳይነግር አልቀረም።

እዚህ መንደር ማንም ያልጻፈው፣ ማንም የማይሽረው ሕግ አለ፦ አሸዋ ላይ ብቻውን የሚወጣ የለም። ሁለት ትራክተር ወጥቶ ሁለት ትራክተር ይመለሳል። አንዱ የሚውጥ አሸዋ ላይ ቢወድቅ ሌላው በገመድ ይጎትተዋል፤ እምቢ ካለም ሰውዬውን ጭኖ ይሮጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እኛ ዘንድ ተረት አይደለም። የዚህ ባሕር ውሃ ሲመለስ አይጮኽም፤ ከፊት ስትጠብቀው ከኋላህ ዞሮ እግርህን ያርሰዋል።

ባለፈው መከር የዊልፍ ጉልበት ከዳው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን ትራክተር የምትነዳው ብራዮኒ ናት፤ ከትምህርት በፊት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ። እናቷ ከሌላ ሰው ጋር ፕሬስተን ከተማ ከገባች ቆይታለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ልጅቱ የባሕር ትምህርት መማር ፈለገች። ሌላ ምን ልትፈልግ ኖሯል! ማመልከቻዋን ላከች፤ መልሱ መጣ። ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በመጨረሻው ፈተና ከሦስት ትምህርት ሁለት ኤና አንድ ቢ ካመጣሽ ነይ አላት። ለጉብኝት ሄዳ የባሕር ተመራማሪዎቹ መርከቦች ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ሥር ታስረው አይታ ስትመለስ ከጉጉት የተነሳ ለሳምንት እህል አልወረደላትም ነበር። ላንካስተር ደግሞ ሦስት ቢ ይበቃኛል አለ፤ በባቡር ደርሶ መልስ ነው። ከፈተናው በፊት ሁለት ብቻ አስቀርታ፣ አንዱን ቁርጥ ምርጫ፣ አንዱን መጠባበቂያ ብላ ማሳወቅ ነበረባት።

አንድ ማታ ኮምፒውተሩን ወደ አባቷ አዞረችው። «ጨረስኩ። ላንካስተር ቁርጥ፣ ሳውዝሃምፕተን መጠባበቂያ።»

«ሳውዝሃምፕተን አለ ማለት ነው?»

«ይኸው ስሙ፤ አታየውም?»

ሮላንድ አየው። መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየው። ነገሩ ሁሉ ልክ መሰለው፤ እሱ በሚያውቀው ሥራ መጠባበቂያ ማለት ከሁሉ የጠነከረው ነውና። ትራክተሩ ላይ ከመቀመጫው ሥር የሚቀመጠው መጠባበቂያ ገመድ ከዋናው እጥፍ ይወፍራል፤ እሱ የሚወጣ ቀን ነፍስ የሚተርፍበት ቀን ነው። ስለዚህ ትንሹን በቁርጥ ይዛ ትልቁን ከበስተኋላ ማስቀመጧ የብልህ ሥራ ሆኖ ታየው። ጭንቅላቷን ሳማት።

ዓርብ ማታ መጠጥ ቤት ገብቶ ደረቱን ነፋ። «ልጄ ሳውዝሃምፕተንን ኪሷ ውስጥ ከታዋለች! ለመጠባበቂያ!»

«ለመጠባበቂያ?» አለች ሞሪን። ሞሪን ፖስታ አዳያችን ናት፤ መንትያ ልጆቿን በዚሁ መንገድ አሳልፋ ስላስተማረች ነገሩን በደንብ ታውቀዋለች። «ቁርጡስ የት ነው?»

«ላንካስተር።»

«እሱ ስንት ጠየቃት?»

«ሦስት ቢ።»

«ሳውዝሃምፕተንስ?»

«ሁለት ኤ፣ አንድ ቢ» አለ ሮላንድ፣ ሁለቱን ኤዎች ራሱ ያመጣቸው ይመስል።

ሞሪን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ተገልብጧል እኮ!»

«ምኑ?»

«ምርጫው! ስማኝ። ሦስት ቢ ካመጣች ላንካስተር ናት፤ አለቀ። ሦስት ኤ ብታመጣም ያው ላንካስተር ናት፤ ሌላው በዚያው ቀን ይሰረዛል። ሦስት ቢ ካቃታት ደግሞ ሁለቱን ኤ ከየት ታመጣዋለች? ሳውዝሃምፕተን እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ ነው።»

«መጠባበቂያ መቼም ጠንከር ይላል…»

«እሱ ገመድ ነው የኔ ጌታ! ይኼኛው ዝቅ ነው የሚለው፤ ስትወድቅ የሚቀበልህ ነው። ደርሳ ልምረጥ ብላ ከሆነ ደግሞ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም በላት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከጥግ ሆኖ፣ «የትዌይት ዘር ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አሸዋ ነው ስል አልሰማ ብላችሁ!» አለ። ሮላንድም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። ቦዩ የት እንደሚዞር ከክረምት በፊት ያወቀች ልጅ ናት። ይህን የሞሪን መንትዮች ያልሳቱትን ነገር እሷ እንዴት ትስታለች? ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። ከሮላንድ ቢራ ሲተርፍ ያን ቀን ነው ያየነው።

ብራዮኒ ወጥ ቤት ውስጥ የድሮ ፈተና እየሠራች ነበር።

«ልጄ፣ ምርጫሽን ተሳስተሻል?» አላት ኮቱን ሳያወልቅ።

«ማን አለ?»

«ሞሪን ተገልብጧል አለች።»

«ሞሪን አርፋ ፖስታዋን አታድልም?» እርሳሷን አስቀመጠች። «አልተሳሳትኩም።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ታዲያ ሳውዝሃምፕተንን ለምን አሳየሽኝ?»

«ደስ እንዲልህ።»

ሮላንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። «ማን ነው ከአንተ ጋር የሚወጣው፣ አባዬ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

«እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ…»

«ብቻዬን አልወጣም ትላለህ፤ ከዚያ ጥሩ ውሃ ሲመጣ ሹልክ ብለህ ትወጣለህ። በየካቲት አልወጣህም? እኔ የሙከራ ፈተና ላይ ሆኜ? ትራክተሩ መቀመጫው ድረስ ጭቃ ነበር። አጥበኸዋል፤ ከሥሩ ግን ረስተኸዋል።»

እውነቷን ነው። በየካቲት ትራክተሩ እስከ ወገቡ ሰምጦ፣ ውሃው ሲመጣ እየታየው፣ በአካፋ ቆፍሮ ነው የወጣው። ለሰው አልተናገረም። እሷ ግን አይታ፣ አስልታ፣ ዝም ብላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ባሕር በሦስት ቢ ለውጣ ቁጭ ብላለች። ስሙን ብቻ ለሱ ደስታ አስቀርታለታለች። ሮላንድ ተናደደ፤ አፈረ፤ ከሁሉ በላይ ግን ተደነቀባት። ይህችን የምታህል ነገር ከእሱ ወጣች? አሸዋው ላይ ቆቡን እንደሚያወልቅ ሁሉ እጁ ወደ ራሱ ሲሄድ ተሰማው። ኮቱንም ቆቡንም እንዳደረገ ነበር የተቀመጠው።

«የመለወጫ ጊዜ አለው?» አላት ቀስ ብሎ።

«አለው፤ ጥቂት ቀን። ግን አልለውጥም። ሰው ጥራልኝ ብዬህ አልጠራህልኝም።»

ሰው ነበረ። ያውም ከበራቸው አራተኛ በር ላይ።

ዴዝመንድ የሮላንድ የአጎት ልጅ ነው። በወጣትነታቸው ሁለቱ አንድ ነበሩ፤ አንዱ ከወጣ ሌላው ወጥቷል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ አንድ ከሰዓት ጉም ወረደባቸው። ዴዝመንድ፣ ሮላንድ ቀድሞኝ ወጥቷል ብሎ ወደ ዳር ነዳ። ሮላንድ ግን አልወጣም ነበር። ትራክተሩ ሰምጦ፣ ውሃ ደረቱ እየደረሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ድምፅ እየተከተለ በእግሩ ወጣ። እንደ ረጠበ መጠጥ ቤት ገብቶ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ጥሎኝ ሄደ» አለ። እኛ መንደር ስለ አንድ ሰው ከዚህ የከፋ አይባልም፤ ሌባ ቢሉት ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም። በአንድ መንገድ ሲመጡ አንዱ ይሻገራል። የገና መዝሙር እንኳ አደባባዩ ላይ ከወዲያና ከወዲህ ቆመው ነው የሚዘምሩት፤ ቂም ተይዞ ጸሎት የሚባለው ይኸው ነው። የዴዝመንድ ልጅ ባለፈው ዓመት ባሮው መርከብ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዴዝመንድም አብሮት የሚወጣ አጥቶ ትራክተሩን ግቢው ውስጥ አቁሞ ክረምቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ሲያይ ከረመ። ሁለት ጎረቤት፣ ሁለት ትራክተር፣ አንድ ባሕር። እግዜር ራሱ ሳይስቅባቸው አልቀረም።

እሑድ ከሰዓት ሮላንድ የዴዝመንድን በር አንኳኳ። ያንን ያየን ሁሉ ከመጋረጃችን ኋላ ትንፋሻችንን ያዝን። ዴዝመንድ በካልሲው ወጣ፤ ያንኳኳውን ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም።»

«እና ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ልጄ ልትሄድ ነው። ሳውዝሃምፕተን።»

«ሩቅ ነው?»

«ያገር ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው።»

ዴዝመንድ ራሱን ነቀነቀ። ለሮላንድ ከሁሉ የከበደው የሚቀጥለው ነበር፤ የየካቲቱ አሸዋ እንኳ እንደዚያ አልያዘውም።

«ያን ዕለት ጥለኸኝ አልሄድክም» አለ። «ጉሙ ነው። እዚያው ማታውኑ አውቄው ነበር። አፌ ቀደመኝ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ…»

ዴዝመንድ ካልሲውን አየ።   «ይችን ለማለት ሃያ ዓመት?»

«ቀርፋፋ ነኝ።»

«ቀርፋፋስ ነህ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ነገ ውሃው መቼ ነው የሚወርደው?»

«ንጋት ላይ።»

«ትራክተሬ አይነሳም። ባትሪው ሞቷል።»

ሮላንድ ዞር ብሎ ከኋላው ያቆመውን የእጅ ጋሪ አሳየው። አዲስ ባትሪ ተቀምጦበታል።

«ውይ አንተ!» አለ ዴዝመንድ። «እምቢ ብልህስ ምን ልታደርገው ነበር?»

«እላይህ ላይ ልጥለው።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ብራዮኒ እንደ ወትሮዋ የውሃ ልብሷን ለብሳ ወደ ግንቡ መጣች። ሁለት ሞተር ይሰማል። ሁለተኛው ላይ የተቀመጠውን ሰው ስታይ ባለችበት ደረቀች። ዴዝመንድ ቆቡን ነካ አደረገላት፤ ከተወለደች ጀምሮ ሰላም ሲላት የመጀመሪያው ነው።

«አባዬ?»

«ዛሬ ቦታ የለሽም» አላት ሮላንድ። «ሞልቷል። ግቢና አጥኚ።»

ልጅቱ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ብልህ ናት፤ ምን እንደተከፈለ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ዓይኗ ሞላ። «ሄደህ አንኳኳህ?» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «አንተ? በእግርህ ሄደህ?»

«በእጅ ጋሪ» አለ ዴዝመንድ ከላይ።

ወጡ። ውሃው ሄዷል፤ አሸዋው እስከ ሰማይ ጥግ ያበራል። ሮላንድ ትንሽ ርቆ ነድቶ ሳለ ዞር ብሎ አየ። ግንቡ ላይ አንዲት ነጥብ ቆማለች። ስንት ጠዋት ከዚህ ሆኖ ወደ ባሕሩ ሲያይ ኖሯል፤ ወደ ዳር አይቶ ግን አያውቅም ነበር። ያቺ ነጥብ ጨረቃን በብርቱካን የመዘነች፣ ቦዩ ከመዞሩ በፊት የት እንደሚዞር ያወቀች፣ እሱን በሕይወት ለማቆየት ሁሉንም ልትጥል የነበረች ልጅ ናት። ከዚህ ሁሉ ብርሃንና ስፋት ይልቅ እሷ ገነነችበት። ሞተሩን አጥፍቶ ቆቡን አወለቀ፤ እንባውም ዝም ብሎ ወረደ።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ ዴዝመንድ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አልተወህም እንዴ ይኼ አመል? ውሃው አይጠብቅህም!»

ማታ እራት ላይ ብራዮኒ ሹካዋን አስቀመጠች። «ለወጥኩት። ሳውዝሃምፕተን ቁርጥ፣ ላንካስተር መጠባበቂያ።»

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ።»

«ሁለቱን ኤ ባላመጣስ?»

«ታመጪያለሽ።»

«ባላመጣስ፣ አባዬ?»

«ባታመጪ ምን ችግር አለው? ላንካስተር አለ። በባቡር ትመላለሻለሽ፤ ማታ ማታ እዚሁ እራታችንን…» ሲል የራሱን ድምፅ ሰማው። ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር። ከሆዱ ውስጥ ማንም ያልጋበዘው ሰው «ምናለ ባታመጣው» ሲል ሰማ። ያ ሰው ሌላ አልነበረም፤ ራሱ ነው። በራሱ ደነገጠ። ቀና ሲል ልጁ እያየችው ነበር፤ እሷም ሰምታዋለች።

«እኔም እኮ አንዳንዴ እንደዚያ እላለሁ» አለችው በቀስታ።

ሮላንድ ብድግ ብሎ ሳህኗን አነሳ። «ተነሺ» አላት። «ተነሺና ወጥተሽ አጥኚ። ሳህኑን እኔ አጥባለሁ።»

ደረጃውን ስትወጣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ላይኛው ክፍል ወንበሯ ወደ ጠረጴዛው ሲጎተት ከሰማ በኋላ ነው ቧንቧውን የከፈተው።